ጀልባው ላይ የቀረ ሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጣና ላይ ነበርን። ጀልባችን ክብራን ገብርኤል ደሴት ዳር ስትደርስ ባለቤቴና ትልቁ ልጄ ወረዱ። እነሱ ዳገቱን ሲጀምሩ እኔና ሴቷ ልጄ ከባለ ጀልባው ጋር ቀረን። ያኔ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር። «እኛስ?» አለች። ባለ ጀልባው ደግ ሰው ነበር። «እዚህ ሴት አይገባም የኔ እመቤት፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው» አላት። አላኮረፈችም፣ አላለቀሰችም። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ «ታዲያ የመጣነው አብረን አይደል?» አለችኝ።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ልጅቷ ስለ ሥርዓቱ አልጠየቀችም። ሥርዓቱን እኔም አከብረዋለሁ። አባቶች የኖሩበት ነው፤ ለእኛ ሽርሽር ተብሎ እንዲለወጥም አልፈልግም። እሷ የጠየቀችው ስለ እኛ ነው። አብረን ብለን ከቤት ወጣን። ግማሻችን አየን፣ ግማሻችን ጠበቅን። ማታ እራት ላይ ወንድሟ ያየውን ሥዕልና ያገኛቸውን መነኩሴ ሲያወራ እሷ ሳህኗን ስታይ ነበር። የምታወራው አልነበራትም።

አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሹ ወንድሟ አራት ሞልቶታል። አማቴም ከእኛ ጋር ናት። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የቆየበትን ጊዜ የጎጃም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ጉዞ የሚባል ነገር እቤታችን አልተነሳም። ዘንድሮ ሰላሙ ከፈቀደልን በጳጉሜ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ለመሄድ አስበናል። ይህን የምጽፈው ዕቅዱን እያወጣን ሳለን ነው።

የዓባይ ልጅ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ለእኛ ይመስለኛል። ልጆቼ ዓባይን በትምህርት ቤት አጥንተውታል። የት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ይነግሩኛል። ትንሹ ግን ሐይቅ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ከቤታችን እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማልዶ የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። እንደዚያም ሆኖ ስንቱ የማርቆስ ልጅ ጣናን ሳያይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይጨርሳል።

ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። እኛ ስናድግ ሰው መንገድ የሚወጣው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ ወይም ለጸበል ነበር። ልጅ ከተወሰደም ታዝሎ ወይም ተጎትቶ ነው። «ለልጆቹ ብለን እንሂድ» የሚል ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ ለልጅ ጉዞ ማቀድን ከማንም አልወረስነውም። ባለቤቴም እኔም ከባዶ ነው የጀመርነው።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ ትልልቆቹ። በዚህ ጉዳይ ግን አልስማማም። ዕቅዱ ሲወጣ ልጆቹ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለባቸው። ወጪውን ስለሚያውቁ አይደለም። መንገድ ላይ የሚያቅለሸልሸው ማን እንደሆነ፣ ጨለማ የሚፈራው ማን እንደሆነ፣ አያታቸው ደረጃ ስትወጣ የትኛውን ጉልበቷን እንደምትይዝ ከእኛ ይልቅ ያስተውላሉ።

መቼ ነው የሚሻለው?

ጳጉሜን የመረጥነው በጢስ ዓባይ ምክንያት ነው። ፏፏቴው ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው። ስሙን የሚመስለው ግን ክረምቱ ማብቂያ ላይ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በበጋ የሚወርደው ውሃ በጣም ቀጥኗል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ፤ ከሐይቁ የሚወስደው ውሃ በሌላ በኩል ነው የሚወጣው። በጥር መንፈቀ ዓመቱ ተዘግቶ ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱ ጎረቤቶቻችን «ዓለት አይተን መጣን» ብለውናል። በነሐሴና በመስከረም ግን ጭሱ ከሩቅ ይታያል። አደዩም ያኔ ነው የሚፈነዳው።

ችግሩ የጳጉሜ ኪስ ነው። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ምዝገባ፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይመጣል። በዚያ ላይ ጉዞ መጨመር እብደት የሚመስላቸው አሉ። እኛ ከጥቅምት ጀምረን በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀመጥን። ትልቁ ልጄ የአምናው ቦርሳው እንደሚበቃው ራሱ ተናገረ። እኔ ያልጠየቅሁትን ነገር በማለቱ በጣም ነው የኮራሁበት።

ሌላው ዝናቡ ነው። ለሐይቁ ጠዋትን ነው የያዝነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል። ለትንሹ ልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት መኖሩን በስልክ ሳላረጋግጥ ቀብድ አልልክም። የአዋቂ ጃኬት ለአራት ዓመት ልጅ ከነአካቴው ጃኬት አይደለም፤ ከላዩ ይወጣል። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ስለዚህ እግር መንከር እንደማይቻል እዚሁ ቤት ሆነን ነግረናቸዋል። ዳር ቆመው ሌሎች ልጆች ሲዋኙ እያዩ ከሚሰሙት አሁን ቢሰሙት ይቀላል። ለወባውም አጎበር መኖሩን የምናድርበትን ቤት ጠይቀናል።

ማደሪያው ራሱ አንድ ወግ ነው። የባለቤቴ እህት ባሕር ዳር ናት። «ቤት እያለኝ ወንድሜ ሆቴል አደረ ተብሎ ሊወራብኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው። ነገር ግን እዚያ ካደርን ቡናው ሦስተኛውን ሳይጨርስ ማንም ከቤት አይወጣም፤ ጠዋቱም ያልፋል። ከሐይቁ ማግስት እሷ ቤት ለማደርና ያን ቀን ሙሉ ለቡና ለመስጠት ተስማማን። ልጆቹም ከአክስታቸው ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ የሚውሉበት ቀን ይሆናል። ምንም የማይጎበኝበት ቀን በዕቅድ ውስጥ መኖሩ ደስ ብሎኛል።

ማን ይቀራል?

ዕቅዱን በጀመርንበት ማታ ባለቤቴ ወረቀት አውጥቶ የቦታዎቹን ስም ደረደረ። ክብራን፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ፣ ዘንገና፣ ጮቄ፣ ግሽ ዓባይ። ዝርዝሩ ደስ ይላል። ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ የሚደረደረው ቦታ አያልቅም። «እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳምንት?» አለች አማቴ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል። እናንተም ልጅ ይዛችሁ ልትዞሩ ነው?»

እኔ እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና በእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። ማን ይቀራል? ይህን ስጽፍ ሴቷ ልጄ ከጎኔ ነበረች። አነበበችው። ምንም አላለችም፤ ወንበሯን ግን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የእሷም ሆነ።

ክብራን ላይ እኔ፣ አማቴና ልጄ እንቀራለን። ዳጋ እስጢፋኖስም ላይ እንደዚያው። ዘጌ ላይ ማንም አይቀርም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይሳለማል። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር በቀስታ የሚወጣ መንገድ ነው። አማቴ በትሯን ይዛ እያረፈች ትችለዋለች። ትንሹ ጦጣ ያያል። የመቅደሱን ግድግዳ የሞላው ሥዕል ደግሞ ማንበብ ለማይችል ልጅም ይናገራል። ትልቁ ልጄ ዘጌ ላይ በሬ እንደማይጠመድ ሲሰማ አላመነም። የአቡነ በትረ ማርያም ትእዛዝ ነው ይባላል፤ ሰዉም የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። «ጎጃም ውስጥ? ያለ በሬ?» አለ። ለማርቆስ ልጅ ይህ ከየትኛውም ሙዚየም የበለጠ ድንቅ ነው።

ጢስ ዓባይ ላይ አማቴ ትቀራለች ብለን ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው በድልድዩ በኩል ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ በክረምት ደግሞ ያንሸራትታል። ከወንዙ ማዶ በጀልባ ተሻግሮ ሜዳ ሜዳውን የሚሄድ ሌላ መንገድ እንዳለ የነገረን ወንድሜ ነው። በሙላት ጊዜ ጀልባው መሻገር አለመሻገሩን ከመነሳታችን በፊት ደውለን እንጠይቃለን። ካልተሻገረ የፏፏቴውን ነገር እንደገና እናየዋለን።

ጮቄን አማቴ ራሷ ሰረዘችው። አራት ሺህ ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ በጳጉሜ ጉምና ብርድ፣ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር አይሆንም አለች። ቅርባችን ነው፤ ለሌላ ጊዜ፣ ለበጋ ቀን ይቆይልን።

ምግቡ ላይ እንኳን ጥያቄው ሠራ። ልጆቹ ባሕር ዳር ሲባል መጀመሪያ የሚያስቡት የተጠበሰ ቆሮሶ ነው። አማቴ ግን ረቡዕና ዓርብ አሳም ቢሆን አትቀምስም። ሌላው ሰው ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እሷን አይመለከታትም። ስለዚህ የአሳውን ቀን ሐሙስ አደረግነው። እሷ ሽሮ ፊት ተቀምጣ እኛን ስታይ እንድትውል አልፈለግንም።

የልጄ ክርክር

ወረቀቱ አልቆ ሁላችንም ደስ ብሎን ሳለ ትልቁ ልጄ ዝም አለ። ምን ሆንክ ስለው «እኔስ?» አለኝ። «እኔ ዳጋን ማየት እፈልጋለሁ። የነገሥታቱ አፅም ያለበትን።» የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አፅም እዚያ እንዳለ ያወቀው በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲጠብቅ ነበር። «እህቴ አትገባም ተብሎ እኔም ካልገባሁ፣ እኔም ቀረሁ ማለት ነው።»

እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። እውነት ነበረው። ማንም አይቅር ብዬ የጀመርኩት ነገር ማንም ምንም አይይ ወደሚል ሊሄድ ነው። እህቱን አየኋት። እሷም እያየችኝ ነበር። ለእሷ ስል እሱን ብከለክለው ነገ በደሉን የሚያስበው በእሷ ላይ ነው። ብፈቅድለት ደግሞ እንደገና ወደዚያው ጀልባ ልንመለስ ነው።

መልሱን የሰጠችኝ ራሷ ናት። «እነሱ ይሂዱ» አለች። «እኛ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቃቸውም። እኛም የራሳችን ቦታ እንሄዳለን።»

ይህን ስትል ያ የክብራን ጠዋት እንደገና መጣብኝ። ያን ቀን ያሳዘናት ከወንድሟ መለየቷ አልነበረም ለካ። ያሳዘናት መቀመጧ ነው። የእሷ ቀን የሌላ ሰው ቀን እስኪያልቅ የሚቆይበት ሰዓት ሆነ። ከክብራን ጎን ያለው እንጦስ ኢየሱስ ለሴቶችም ክፍት መሆኑን በኋላ ሰማሁ። ያን ጊዜ ጀልባው እዚያ አድርሶን ቢመለስ ኖሮ፣ ማታ እራት ላይ የምታወራው ይኖራት ነበር። ቤተሰብ በየሰዓቱ አንድ ቦታ መቆም የለበትም። ማታ ሲገናኝ ግን እያንዳንዱ ሰው የሚያወራው ሊኖረው ይገባል።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ብዙ የቤታችን ነገር ታየኝ። በዓል ሲሆን እንግዶቹ ሲበሉ ልጆች ጓዳ ይጠብቃሉ። ሠርግ ላይ እናቶች ሕፃን አዝለው በር ላይ ይጠብቃሉ። ለቅሶ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ አውቶቡስ መናኸሪያ፣ የሚጠብቀው ሰው ሁልጊዜ የታወቀ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ዕቅዱ ሲወጣ የእነሱን ሰዓት የቆጠረ ሰው ስለሌለ ነው። በእረፍት ጉዞ ላይ ይህ በጣም ጎልቶ ይታያል። ምክንያቱም ጉዞው ለደስታ ነው፤ ደስታ ደግሞ ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ካልደረሰ ይታወቃል።

ስለዚህ አንድ ቀን ለሁለት እንከፈላለን። አባትና ልጅ በሞተር ጀልባ ዳጋ ይሄዳሉ። ሩቅ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነሱት። ሴቷ ልጄ ያን ቀን የራሷን ፕሮግራም አወጣች። ደንገል እንዴት ታንኳ እንደሚሆን ማየት ትፈልጋለች። ሐይቁ ዳር የወይጦ ሰዎች ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ ጠፍረው ሲሠሩ ቁጭ ብላ ልታይ ነው። ከተፈቀደላትም በእጇ ልትሞክር። ትንሹን እኔ እይዛለሁ። አማቴ ጥላ ስር ትቀመጣለች፤ ማንንም ለመጠበቅ ሳይሆን ማረፍ ስለምትወድ ነው። ይህንንም ደጋግሜ ጠይቄያት ነው የጻፍኩት።

መንገዱ ራሱ

ሚኒባስ ኮንትራት ልንይዝ ነው። ከአውቶቡስ ይወደዳል። አውቶቡስ ግን ለአራት ዓመት ልጅ ሽንት አይቆምም። ኮንትራት ከሆነ ቡሬ ላይ ወርደን የተጠበሰ እሸት እንበላለን። ፍኖተ ሰላም ላይ ሙቀት፣ እንጅባራ ላይ ብርድ ስለሆነ ሹራቡ ከላይ ይቀመጣል። ሎሚና ፌስታል ለትልቁ ልጄ፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ቢሆንም ጠመዝማዛ አይችልም።

ዋናው ማረፊያችን ዘንገና ነው። ከቲሊሊ ወደ እንጅባራ ሲኬድ መንገዱ ዳር ነው። ልጆቹን ለማስገረም ያዘጋጀሁት አንድ ነገር አለኝ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ዘንገና በእግር የሚዞሩት ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 160 ሜትር ያልፋል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው። መጀመሪያ ዘንገናን ያያሉ፣ ከሰዓታት በኋላ ጣናን። የትኛው ጥልቅ እንደሆነ ጣና ዳር ቆመን እጠይቃቸዋለሁ።

ያልተቋጨው ግሽ ዓባይ ነው። አማቴ ከሁሉ በላይ የምትፈልገው እሱን ነው። የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ጸበል። የዓባይ መነሻ የሆነውን ምንጭ ልጆቹም ማየት አለባቸው እላለሁ። ነገር ግን ምንጩ ያለበት ሰከላ ከዋናው መንገድ ወጣ ይላል፤ ዝናቡ ከበረታ ጭቃ ነው። ጸበል ደግሞ በባዶ ሆድ ነው፤ ትንሹ እስከ ረፋድ ሳይበላ አይቆይም፣ እሱ ሲበላ ደግሞ አያቱ ዝም ብላ ታየዋለች። ስንመለስ እንጅባራ አድረን ማልደን ብንሄድ፣ እሷ ጸበሏን ስትጠጣ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ዙሪያውን ቢያዩ፣ ከዚያ ሁላችንም አብረን ብንቀምስ ብዬ አሰብኩ።

ነገሩን ሳነሳባት «እኔን ተይኝ ልጄ፣ ልጆቹን አድክመሽ ለኔ ብለሽ» አለችኝ። ደግሜ አነሳሁባት፤ ያንኑ መለሰችልኝ። ትናንት ማታ ግን ሻንጣውን ስናይ ድንገት «ለሕፃኑ ወፍራም ሹራብ ያዙለት፣ ሰከላ ጠዋት ጠዋት ብርድ ነው» አለች። እሺ ማለቷ እንደሆነ የነገረኝ ባለቤቴ ነው።